አንዴ የነፋው ዜማ

“አይንፉት፣ ጋሽ ኃይሌ! ይያዙት ብቻ!”

ሶሊያና በሣሩ ላይ እየሮጠች መጣች። ሐይቁ ዳር ባለው የሆቴሉ አትክልት ስፍራ ሙሽሮቹ ተቃቅፈው ቆመዋል፤ ቪዲዮ አንሺው ኦሊያድ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ተነፈሰ። ኃይለሚካኤል ሳክስፎኑን ከአፉ አወጣ።

“ካልነፋሁ ምን ልሠራ ነው የቆምኩት?”

“ድምፁ ከስፒከር ነው የሚመጣው። እርስዎ ጣትዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ። ሙሽሮቹ ሰምተው የመረጡት ይሄንን ነው፤ ሌላ አይፈልጉም።”

ሶሊያና ሆቴሉን ማስተዳደር ከጀመረች ሦስት ወሯ ነው። ስልኳን ነካ አደረገች። ከስፒከሩ የወጣውን የሳክስፎን ድምፅ ኃይለሚካኤል ወዲያው አወቀው። የራሱ ነበር።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ባለቤቱ ሃይማኖት ሞታ አርባዋ በወጣ ማግስት፣ እዚሁ ሆቴል በምሳ ሰዓት የነፋው ነው። ለካ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ በስልኩ ቀድቶት ኖሯል። ያን ቀን ምን እንደሚነፋ አላሰበም ነበር፤ ዐይኑን ጨፍኖ ጀመረ፣ መሃል ላይ እንባ ትንፋሹን ቆረጠው፣ ቆየት ብሎ ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልደገመውም።

ዱሮስ መቼ መድገም ያውቃል! በጦሩ ባንድ ሳለ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ እየጨመረ ሲነፋ ተቀጥቷል። አዲስ አበባ ደግሞ “እንደ ካሴቱ ንፋልኝ” ላለው ዘፋኝ “እንግዲያው ካሴቱን ራሱን መድረክ ላይ አውጣው” ብሎ መልሶ ተባርሯል። እንደ ካሴቱ የነፉት ጓደኞቹ ቤት ሠሩ፣ ስማቸው አልበም ላይ ወጣ። የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ! እሱ በስድሳ አራት ዓመቱ እዚሁ ሐይቁ ያለበት ከተማ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ከዕድሜ ልክ ሥራው የተቀዳለት ይሄ አራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ እሱንም ገና አሁን ማወቁ ነው።

“ጣትዎ አልገጠመም፣ ጋሼ” አለ ኦሊያድ። “ድምፁ ወደ ላይ ሲወጣ እርስዎ ታች ነዎት።”

“አላስታውሰውማ።”

“የራስዎ አይደል እንዴ?”

“የራሴ ነው። አንዴ ነው የነፋሁት።”

ኦሊያድ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እንደገና ተጀመረ። ትንፋሹ የተቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ኦሊያድ እጁን አወዛወዘ።

“ይቺ ዝም የምትለዋ ቦታ አሪፍ ናት! እዚህ ጋ ወደ ሙሽሮቹ ዞር ብለው ፈገግ ይበሉ!”

ኃይለሚካኤል ፈገግ አላለም። ተናዶ በዚያች ዝምታ ውስጥ ነፋበት። ያን ቀን ያልወጣለት ነገር አሁን ወጣ፤ ሻካራ ነበር፣ ግን የዛሬ ነበር። ሙሽራዋ ዞር ብላ አየችው።

“ምን ሆነው ነው ሰውየው?” አለ ሙሽራው። “አበላሹት እኮ!”

ሶሊያና ወደ ጎን ወሰደችው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

“ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ይቺን ካጠኗት ቅዳሜና እሑድ ቋሚ ሥራ ነው፤ እስከ ሰኔ ጾም ድረስ ሰርግ ሞልቷል። አይሆንም ካሉ ግን ኢብራሂምን ከባር ጠርቼ አቆመዋለሁ።”

“ኢብራሂም መንፋት ይችላል?”

“መንፋት ምን ያደርግለታል?”

ክፋት አልነበረባትም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው። ኃይለሚካኤል ወደ ባሩ ተመለከተ። ኢብራሂም ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ብርጭቆ ይወለውላል። ነገ እዚህ ቆሞ፣ ሃይማኖት የተለቀሰችበትን ዜማ እንደ ራሱ ይዞ፣ እዚያች ቦታ ሲደርስ ለካሜራው ፈገግ ሲል ታየው። ይሄንን አልቻለም።

ከሳክስፎኑ አፍ ላይ ድምፅ የምታወጣውን ቀጭን የሸምበቆ ስንጥር ፈታት፤ በመሐረብ ጠቅልሎ ሸሚዙ ኪስ ከተታት። ያለ እሷ ቢነፋም ከትንፋሽ በቀር የሚወጣ የለም።

“እስቲ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ” አለ። “ላጥናው።”