የተጣበቁት ጣቶች

ፉልክ ከጠዋት ጀምሮ እየተጣደፈ ነው። ፀሐይ ካልሞቀችው ከአልጋ የማይወርድ ሰው፣ ዛሬ የሚስቱን ካባ ራሱ ይዞ በር ላይ ቆሟል።

«ምን ያዘሽ ኤርሰንድ? ቄሱ እኮ እየጠበቁን ነው።»

«አንድ ሕፃን ለማስጠመቅ ይህ ሁሉ ጥድፊያ ምንድን ነው?»

«አባቱ ከእኔ ጋር ዘምቶ የሞተ ወታደር ነዋ! ክርስትና የምታነሺው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ማን ይሁን?»

ኤርሰንድ ካባዋን ተቀበለችው። ባሏን የምትፈራው ደግ ሲሆን ነው። ወንድ ልጅ አልወለደችለትም፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ጌታ ደግሞ ያላገባች ልጅና ሰፊ መሬት አለው። ጳጳሱ ግን ፉልክን ሁለት ጊዜ «ያለ ምክንያት አላፋታህም» ብለው መልሰውታል። ከተፋቱ እሷ ባዶ እጇን ወንድሟ ቤት ትገባለች፤ የስድስት ዓመቷ አሊስ አባቷ ዘንድ ትቀራለች። ይህን ካሰበች እህል አይወርድላትም።

ቤተ ክርስቲያኑ ይበርዳል። አማቷ እመት ሪሺልድ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን አዙረውባታል። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ መልካም ቃል አልወጣቸውም።

ኤርሰንድ ከጥምቀቱ ውሃ አጠገብ ሆና ሕፃኑን ከመጠቅለያው መፍታት ጀመረች። እግሩ ብቅ ሲል እጇ ደረቀ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣት ተጣብቀዋል። የአሊስም እንዲሁ ነው፤ የፉልክም እንዲሁ።

የምን ወታደር! ይህን ልጅ ከውሃው ካነሣችው የባሏ አበልጅ ሆነች ማለት ነው፤ አበልጆች ደግሞ ባልና ሚስት አይሆኑም። ጳጳሱ የጠየቁት ምክንያት ይኸው እቅፏ ውስጥ እያለቀሰ ነው።

«ቀጥይ እንጂ!» አለ ፉልክ።

እምቢ ብትል ሕፃን ከጥምቀት ከለከለች ይሏታል። ድንገት ዞር ብላ ልጁን አማቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«እናቴ፣ እግሩን ይዩት። እርስዎ ያንሡት።»

አሮጊቷ እግሩን አዩ። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። እኚህ ሴት «አያገባኝም» ካሉ ኤርሰንድ አሊስን አጣቻት።

እመት ሪሺልድ ሕፃኑን በካባቸው ሸፍነው ተነሡ።

«የልጅ ልጄን እኔ አነሣዋለሁ። አባታችን፣ ይቀጥሉ።»

«እማዬ!»

«ዝም በል! ከአባትህ የወረስከው ጣቱን ብቻ መስሎሃል? አመሉንም ነው እንጂ!» ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አንቺም አትፍዘዢ፤ ፎጣ አቀብዪኝ። ሌላ ምራት የምለምድበት ዕድሜ የለኝም።»

ኤርሰንድ ፎጣውን አቀብላቸው አጠገባቸው ቆመች።