የስእለቱ በር

«ጸሎት ቤቱ ላይ ያንን በር ማን ነው የገጠመው?»

ሽማግሌው እንግዳ ይህን የጠየቁት ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንኳ ሳይሉ ነበር። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለች የሟቹ ልጅ፣ አናጢዋ። «አባባ ስእለታቸውን ሳይጨርሱ ሞቱ። ትናንት፣ በተቀበሩ ማግስት፣ ወጥቼ ገጠምኩላቸው።»

«ተመስገን ነው!» አለች ጎረቤቷ። «በር ስላልነበረው የኔ ፍየል እኮ እየገባች ከኔ በላይ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሆና ነበር።» ሐዘንተኞቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸሸጉ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

ታሪኩን የማያውቅ አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ መርከባቸው ተመትታ ልትሰጥም ስትል አባቷ ከሞት ተረፉ፤ ለእመቤታችንም ጸሎት ቤት ተሳሉ። ከወደቡ በላይ ባለው ገደል አፋፍ ላይ፣ ድንጋይ በድንጋይ እየደራረቡ፣ ሠላሳ ዓመት ሠሩ። ጣሪያው ተከደነ፣ መንበሩ ቆመ፣ ደወሉ ተሰቀለ፤ በሩ ብቻ ቀረ። ካህኑ አባ፣ «መዝጊያ በሌለው ቤት ቅዱስ ቁርባን አይቀመጥም፤ ጳጳሱም አይባርኩትም» ቢሉ የሚሰማቸው አላገኙም።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ልጅቱ ከጽድ እንጨት ያማረ በር ሠርታ ወሰደችላቸው። አባቷ መዳፋቸውን ከላይ እስከ ታች አሳለፉበት፤ «እጅሽ ይባረክ» አሉ። ከዚያም ጸሎት ቤቱ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረው አስደገፉት። ሥራዬን ናቁብኝ ብላ ከዚያ ወዲህ ገደሉን አልወጣችም። ትናንት ስትገጥመው ፍቅርም ነበረባት፣ ቂምም።

ሽማግሌው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔና አባትሽ በአንድ መርከብ ነበርን። ውኃው ሲገባ የታችኛውን ክፍል የብረት በር ዝጋ ተብሎ ታዘዘ፤ ዘጋ። ባይዘጋው ሁላችንም አልቀን ነበር። ውስጥ ግን ሰባት ሰዎች ቀርተዋል። ‹እኛ ነን እኮ! ክፈት፣ እኛ ነን!› እያሉ ይደበድቡ ነበር። ስእለቱን የተሳለው እዚያ ነው፤ ብረቱን በጀርባው ደግፎ። ‹ከወጣሁ የማይዘጋ ቤት እሠራለሁ› አለ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብሎ ይንገርሽ? ለኔ ግን ስላንቺ በር ነግሮኛል። ‹እንደሱ ያማረ በር አላየሁም፤ እንዴት አድርጌ ልግጠመው?› ብሎ አለቀሰ።»

«ያለ መዝጊያ ግን ቡራኬው…» ብለው ጀመሩ ከለቀስተኞቹ መካከል የተቀመጡት ካህኑ አባ። አልጨረሱትም።

አናጢዋ ተነሥታ መዶሻዋን ያዘች። ሽማግሌው በምርኩዛቸው እየተደገፉ ተከተሏት። ገደሉ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው፤ ሽማግሌውም ደንግጠው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

የማጠፊያዎቹን ብረት ከሥር እየመታች አንድ በአንድ አወለቀች። በሩን ተሸክማ ወደ ውስጥ አስገባችው። መዳፏን ከላይ እስከ ታች አሳለፈችበት፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አባቷ ትተውት በነበረበት ቦታ አስደገፈችው።