የአራተኛው ዘፈን ብሩሽ

ዘፋኟ ሰው የምታምነው ከተቀበረ በኋላ ነው፤ ያንንም አፈሩ ሲመለስ ቆማ ካየች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለነገር ማሳመሪያ ያነሳዋል፤ እሷ ግን ትኖርበታለች። የጎረቤት ሰላምታ ቢረዝምባት «ምን ፈልጋ ነው?» ትላለች፤ ቢያጥርባት «ምን ደብቃ ነው?» ትላለች። በዚህ ሁሉ መሃል ሳትጠረጥረው የኖረችው አንድ ሰው ቢኖር ታናሽ ወንድሟ ነው።

ወንድሟ ድራም መቺ ነው። መቺ ሲባል ግን በዱላ እየደበደበ የሰው ጆሮ ከሚያደነቁሩት ወገን አይደለም፤ የሚጫወተው በሽቦ ብሩሽ ነው። ብሩሹ እንደ መጥረጊያ የተሰበሰበ ቀጫጭን ሽቦ ነው፤ ግራ እጁ የከበሮውን ፊት እየዞረ ያብሳል፣ ቀኙ መሃል መሃሉን ጠብ ጠብ ያደርጋል። ዝግ ያለ የጃዝ ዘፈን ያለዚያ ድምፅ ራቁቱን አደባባይ እንደወጣ ሰው ነው። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ከአንዱ ሆቴል ወደ ሌላው ሲዞሩ አረጁ። አድማጩም «ይቺ ሴት ሳትተነፍስ ነው የምትዘፍነው!» ሲል ኖረ። እሷም አመነች። ጥርጥር የምታበዛ ሴት፣ ሙገሳ ሲሆን ሳትመረምር ዋጠችው።

አሁን በስተርጅና የመጨረሻ ሥራዋን እያስቀረጸች ነው። አሠራሩ ግን ከመጀመሪያውም አልጣማትም። እሷ ስቱዲዮ ገብታ ከፒያኖ ጋር ትዘፍናለች፤ ዘፈኑ በኮምፒውተር ለወንድሟ ይላካል፤ እሱ ቤቱ ሆኖ ብሩሹን ጨምሮበት ይመልሳል። «ለምን አትመጣም?» ስትለው «ደረቴን ብርድ ይዞኛል እታለም» አላት። ሦስቱ ዘፈኖች እንደ ሐር ለስልሰው መጡ፤ «ወንድሜ ነው!» ብላ ማለች። አራተኛው መጣና ጉድ ፈላ።

ቀራጩ፣ «ጆሮ» እያሉ የሚጠሩት መላጣ ሰው፣ ዘፈኑን ከፈተላት። ገና ሁለተኛው ስንኝ ሳይደርስ ማዳመጫውን ከራሷ ላይ መንጭቃ አወረደችው።

«ይቺ ምጥ የያዛት ሴት ማን ናት?»

«እማማ፣ እሱ እንኳን…»

«እማማ የወለደችህን በል! ማን ናት አልኩህ?»

«እርስዎ ነዎት። ሲተነፍሱ ነው።»

«እኔ? እኔ ስዘፍን ተንፍሼ አውቃለሁ?»

«ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ኖሩ?»

በዓይኗ ገረፈችው። ሰውዬው መላጣውን አሻሸ።

«ብሩሹንስ ማን መታው?»

«ወንድምዎ ነዋ።»

«ወንድሜ አይደለም። ይሄ ቆርቆሮ ላይ አሸዋ የሚጠርግ ዘበኛ ነው።»

ጆሮ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለ። ድምፁ መስታወቱ ላይ እንደ አባጨጓሬ ተጋድሟል፤ አባጨጓሬዎቹ ሁሉ መንታ ናቸው። ፊቱ ተለወጠ።

«እውነትዎን ነው። የሰው እጅ ሁለቴ አንድ ዓይነት አያብስም። ይቺ አንዷ ጠረጋ ናት ተባዝታ የተደረደረችው። ከሶፍትዌር የወጣ ነው።»

«አንተው ከትተኸው ይሆናላ!»

«እኔ የተላከልኝን ነው ያስቀመጥኩት።»

«እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባም እንደዚሁ ነው የሚለው። ስማኝ፣ ወንድሜ ካልመታው ድምፄን አላስወጣም። የአራተኛውን ብቻ እንዳይመስልህ፤ ሁሉንም ነው የማስጠፋህ።»

«አሳታሚው ነገ ካልተረከበ ሥራውን እዘጋዋለሁ ብሏል እኮ!»

«ይዝጋው! በሩን ሲዘጋ ጣቱን እንዳይቆርጠው ብቻ ንገረው።»

አፏ እንዲህ አለ እንጂ ሆዷ አልቻለም። ሥራው ከተዘጋ ሌላ የሚጠራት እንደሌለ ታውቃለች። ወደ ወንድሟ ቤት በሚወስዳት ታክሲ ውስጥ ጥርጣሬዋ እንደ ቁንጫ ከአንዱ ወደ አንዱ ዘለለ። ወንድሜ ለሌላ ዘፋኝ እየመታ ለእኔ የማሽን ፍርፋሪ ይልክልኛል። አይ፣ ሚስቱ ናት! ያቺ ሴት ከበሮውን ሸጣዋለች። ከገባችበት ቀን ጀምሮ አልወደድኳትም፤ ሳቋ ከአንገት በላይ ነው።

በሩን የከፈተችው ራሷ ሚስትየዋ ናት። ከፈተችው ቢባል ውሸት ነው፤ አፍንጫዋ ብቻ የሚያልፍበት ያህል ገርበብ አደረገችው።

«እትዬ! በደህና ነው? እሱ እንኳ ተኝቷል።»

ከውስጥ ሽሽሽ… ሽሽሽ… የሚል ድምፅ መጣ።

«ተኝቶ ነው የሚጠርገው?»

«ራዲዮ ነው።»

«ራዲዮ ከመቼ ወዲህ ነው ቤት የሚጠርገው? ዞር በይ!»

በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ድራሙ ጥግ ላይ አንሶላ ለብሶ ቆሟል፤ በላዩ የታጠፈ ልብስ ተከምሯል። ዓይኗ ደም ለበሰ። ኮምፒውተሩ ፊት ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ወንድሟ ከወንበሩ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጧል። ስታየው ሊነሳ ሞከረ።

«ማነው የሚመታልኝ? ተናገር!»

«ተቀመጪ እታለም።»

«መቀመጫ አይደለም የጠየቅኩህ!»

እጆቹን አወጣ። ሁለቱም ነፋስ እንደያዘው ቅጠል ይንቀጠቀጣሉ። ግራው ይብስ ነበር።

ዘፋኟ ዓይኗን ከድራሙ አንስታ ግራ እጁ ላይ ተከለች።

«ግራው ከጀመረው ቆይቷል» አለ። «ሐኪሙ አይድንም ሲለኝ ቶሎ ብዬ ለኮምፒውተር የሚሸጠውን የብሩሽ ድምፅ በሙሉ ሞከርኩ። ለፈጣን ዘፈን የተሠራ ነው፤ ለአንቺ ዝግታ ሲጎትቱት ዘይት ላይ ጠብ እንዳለ ውሃ ይንጫጫል። ተስፋ ቆረጥኩና እጄ ረጋ ባለ ሰዓት የራሴን ጠረጋ ቀረጽኩት። ረጅሙን ለብቻ፣ አጭሩን ለብቻ፣ ለስላሳውንም ጠንካራውንም፤ እያንዳንዱን ደጋግሜ፤ አንዱ ከሌላው እንዲለይ። ከዚያ በማውስ እየለቀምኩ ዘፈንሽ ላይ ተከልኩት።»

«ሦስቱንም ዘፈን?»

«ሦስቱንም።»

ይሄ ከሁሉ በላይ አንገበገባት። ሦስቱን ሰምታ «ወንድሜ ነው!» ብላ የማለችው እሷው ናት።

«አራተኛውስ ምን ነካው?»

«ቀኙም ጀመረው። ማውሱ አልያዝ አለኝ።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች ሚስትየዋ ከበሩ ሆና። «የቻልኩትን ነው። አንዷን ወስጄ ደረደርኳት። በሩንም የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ፤ ካወቅሽ ሌላ መቺ ፈልገሽ ትጥይዋለሽ ብዬ።»

«እኔ? ወንድሜን?»

«ሰው ስታምኚ አይቼሽ አላውቅማ! ምን ብዬ ልመንሽ?»

ዘፋኟ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«እሺ ይሁን። ያቺ የምታቃስተውስ? እሷንም ሚስትህ ናት የጨመረችው?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«ትንፋሽሽ ነው» አለ እያመነታ። «ሁልጊዜም ነበር። ልትተነፍሺ ስትይ ትከሻሽ ከፍ ይላል፤ እኔም ከኋላ አይቼ ግራ እጄን ጫን አድርጌ አብሳለሁ። ብሩሹ ሽሽ ሲል ትንፋሽሽ ከሥሩ ያልፋል።»

«ውሸት ነው!»

«ከሆቴሉ ዘመን ጀምሮ ነው እታለም።»

«ብሩሹን አጥፉትና አሰሙኝ!»

ሚስትየዋ ቁጭ ብላ አጠፋችው። ፒያኖውና ድምፁ ብቻቸውን ቀሩ። ዘፋኟ ክንዷን አጣምራ አዳመጠች። መጀመሪያ ላይ እንደ ዳኛ ነበር አቋቋሟ፤ ኋላ ላይ ግን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ዳገት የወጣች አሮጊት ናት የምትዘፍነው። ስንኝ ሳያልቅ ትተነፍሳለች፣ ቃል ሳያልቅ ትተነፍሳለች። «ሳትተነፍስ ትዘፍናለች» ያለው ሕዝብ ሁሉ የወንድሟን ግራ እጅ ነበር ለካ የሚያደንቀው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትቆጥቢው ነበር። ትንፋሹን የቆጠበ ሰው ዘፈኑንም ይቆጥባል።»

«ለሚስትህስ ምነው አልነገርካት? ነግረሃት ቢሆን እንዲህ ባልተዋረድኩ!»

«የእህቴን ጉድ?» አለና የሚንቀጠቀጠውን እጁን መልሶ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው።

ዘፋኟ ብዙ አሰበች። ጆሮ ጋ ደውላ እጁ የረጋ መቺ አምጣልኝ ብትል ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ያ ሰው ግን ትከሻዋን አያውቀውም። ደግሞስ የማታውቀውን ሰው ከኋላዋ አስቁማ ልትተነፍስ? ሞታ ነው!

«አንቺ ሴትዮ» አለች የወንድሟን ሚስት። «የደጋገማቸው ጠረጋዎች ሁሉም እዚህ ውስጥ አሉ?»

«አሉ።»

«ታዲያ ምን ዳር ዳር ትያለሽ? አንተ ቦታውን ንገራት፤ አንቺ ትከዪ፤ እኔ እሰማለሁ። ሽፋኑ ላይ ብሩሽ የመታው እሱ ተብሎ ይጻፋል። ጆሮ ‹ከሶፍትዌር ነው› ብሎ አፉን ቢከፍት እኔ እዘጋዋለሁ።»

ሚስትየዋ ጠርጠር አድርጋ አየቻት። «ነገ ሐሳብሽን ብትለውጪስ?»

«አንቺ ማውሱን ሰርቀሽ ብትሄጅስ? ሥሪ!»

ጀመሩ። ወንድምየው ዓይኑን ጨፍኖ «እዚህ ጋ ረጅሙን»፣ «እዚህ ጋ ለስላሳውን» ይላል፤ ሚስትየዋ ምላሷን በከንፈሯ ይዛ ትለቅማለች፤ ዘፋኟ ከጀርባቸው ቆማ ሁለቱንም ትጠብቃለች። የመጀመሪያው ስንኝ ለሰለሰ። ሁለተኛውም እሺ አለ። ከዚያ ወንድምየው ጣቱን አነሳ።

«እዚህ ጋ።»

«እዚህ ጋማ አልተነፍስም!» አለች ዘፋኟ። «ይሄ ቃል መሃል ነው። እኔ ቃል መሃል የምተነፍስ ሴት ነኝ?»

ሚስትየዋ ሳትናገር ወደ ኋላ መለሰችና ከፈተችው። ሲሰሙ፣ በቃሉ መሃል አንድ ትልቅ፣ የተጠማ ትንፋሽ አለ።

ማንም አልሳቀም። ሚስትየዋ ግን እጇን ከማውሱ ላይ ሳታነሳ ዞራ ጠበቀቻት።

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» አለች ዘፋኟ። «ሸፍኚዋ! ወፈር አድርገሽ።»