የአባቷ ጥርስ

አስማማው ከደልጊ እህል ጭኖ በጣና ላይ ሲመለስ፣ ጀልባው ገና ሩቅ ሳለ ቀድሞ የሚታየው ጥርሱ ነበር። ሰፋፊ፣ ነጭ፣ ሳቅ የማይለየው። ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከወሰዱት ሁለት ዓመት ሆነው፤ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ለሚስቱ ለአገርነሽ የቀራት የእሱ ምልክት በልጃቸው በውዴ አፍ ውስጥ ያለው ጥርስ ብቻ ነው። እሱም ቦታ አጥቶ እርስ በርሱ ተደራርቧል።

ውዴ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ድምፀ መረዋ ስለሆነች የዓባይ ማዶ ቀበሌ የኪነት ቡድን ከፊት ያሰልፋት ነበር። ልጆቹ በጥርሷ ሲስቁባት ግን መዝፈኑን እርግፍ አድርጋ ተወች፤ ስትናገር እንኳ እጇ ከአፏ አይወርድም። አገርነሽ ከምትሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ጠይቃ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት።

ዶክተር አካሉ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ትሑት ወጣት ነው። የጥርሶቿን ስፋት አንድ በአንድ በኮምፓስ ለካ፣ ቀጭን ሽቦ አጥፎ የመንጋጋዋን ዙሪያ ለካ፣ ደመረ፣ ቀነሰ።

«ጥርሱ ካለው ቦታ በስምንት ሚሊ ሜትር ይበልጣል» አለ። «መንጋጋዋ ጠባብ ነው፣ ልክ እንደ እርስዎ።»

«ጥርሱ የአባቷ ነው» አለች አገርነሽ።

«የወተት ክራንቻዎቿ መቼ ወለቁ?»

«በሰባት ዓመቷ እኔ ነቀልሁላት» አለች ኮራ ብላ። «አዲሶቹ የፊት ጥርሶች ተጣበው ሲወጡ አየሁና ቦታ ላስለቅቅላቸው ብዬ ክራንቻዎቹን በክር አስሬ ሳብኋቸው።»

ሐኪሙ ኮምፓሱን አስቀመጠ። ዝም ብሎ ቢተወው ምን ነበረበት።

«የወተት ጥርስ እኮ ቦታ ጠባቂ ነው፣ እትዬ። ያለ ጊዜው ሲነሣ ጎረቤቶቹ ገፍተው ይገቡበታል። የጠበበው ባሰበት።»

አገርነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አሁን መላው አንድ ነው፤ ከላይና ከታች አራት ደህና ጥርስ ነቅሎ ለቀሩት ቦታ መስጠት። ጥርስ የሚያቃና ሽቦ እዚህ የለም። ዶክተሩም ሰኞ ወደ ግንባር ይሄዳል፤ የሚተካው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። እስከ ቅዳሜ አስበው ይምጡ አላት።

ቅዳሜ ውዴ ወንበሩ ላይ ወጥታ አፏን ከፈተች። እሷ አልፈራችም፤ የፈራችው እናቷ ናት። አንዴ ነቅላ አበላሽታለች። አሁን ደግሞ ደህናውን፣ ያውም የአስማማውን?

«ይቆይ፣ ዶክተር» አለች። «አባቷ ይምጣና ይወስን።»

ውዴ አፏን ገጠመችና ከወንበሩ ወረደች።

ጥቅምት ላይ የመጣው መርዶው ነው። ግቢው በለቅሶ ተናጠ፤ ሴቱ ደረቱን እየደቃ ይጮኻል። ውዴ ብቻ አፏን በመዳፏ ከድና ድምፅ ሳታሰማ ትንሰቀሰቃለች። ለቀስተኞቹ ጨዋነቷን አደነቁ። አገርነሽ ግን የምትደብቀውን ታውቃለች፤ ተጠግታ እጇን ልታወርድላት ያዘች።

«ጩኺለት ልጄ፤ አባትሽ ነው» አለቻት።

ልጅቱ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፤ እጇን ይበልጥ ጫነችው።