አምሳ ስምንት ኪዩብ

ሸዋጌጥ የውሃ ቢሏን ስታይ መጀመሪያ ያስፈራት ብሩ አልነበረም። ብሩም ቢሆን ያስፈራል፤ አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር ለአንዲት ጡረተኛ ታይፒስት የሁለት ወር አበል ነው። እሷን ክው ያደረጋት ግን ከብሩ በላይ በትንሹ የታተመው ቁጥር ነው፤ ፍጆታ፣ አምሳ ስምንት ኪዩብ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ብትቆጥብም ባትቆጥብም በወር ከሦስት ኪዩብ አታልፍም። አምሳ ስምንት ኪዩብ ግን እዚህ ግቢ ውስጥ ሰው አለ ብሎ የሚናገር ቁጥር ነው።

ሰው ደግሞ ነበረ።

ታናሽ ወንድሟ ጫንያለው የሰባት ዓመት ልጁን እምነትን አዝሎ ከጊዳ አያና ነቀምቴ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ቤቱ ሲቃጠል መታወቂያውም አብሮ ነደደ። ሚስቱን መንገድ ላይ ቀብሮ ነው የመጣው። ሸዋጌጥ ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ለቀቀችላቸውና ለአንድ ሳምንት ነው ብላ ራሷን አረጋጋች። እንግዳ ያሳደረ ሰው ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ አለበት። የመጀመሪያውን ሳምንት መታወቂያ ስለሌለው ፈራች፤ በሁለተኛው ለምን ዘገየሽ ይሉኛል ብላ ፈራች፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ቀን ጥፋቱን ያከብደው ጀመር። እዚያው ሰፈሯ ባኬ ጃማ፣ ከእሷ ሦስተኛው በር፣ አንድ ወረቀት የሌለው እንግዳ ተወስዶ ሁለት ወር ደብዛው ጠፍቶ ነበር። ሲመለስም የሰው ፊት ማየት ትቷል። ፈሪ ናት የሚል አንባቢ ካለ፣ እሱ ስምንት ወር ሰው ደብቆ ይሞክረውና ያኔ እንነጋገራለን።

ፍርሃቱ ኑሮዋን ለውጦታል። ዱሮ የውሃ ፈረቃ ሲደርስ ጎረቤቷ ቀለሟ በአጥር ላይ "አዴ፣ ቢሻን መጣ" ብላ፣ እናቴ ውሃ መጣ ማለቷ ነው፣ ትጠራት ነበር፤ ቀጥላም ሰተት ብላ ገብታ ጀሪካን ታግዛታለች። አሁን ቀለሟ እንድትገባ አትፈልግም። ስለዚህ ራሴ እሰማለሁ ብላ የግቢውን ቧንቧ ከፍታ፣ ከስሩ የቆርቆሮ ሳፋ ደፍታ ትተወዋለች። ውሃው ሲመጣ ሳፋው ይንጫጫል፣ እሷም ትሮጣለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል።

በማግስቱ ቢሉን ይዛ ወደ ውሃ ቢሮ ሄደች። ምነው ብትቀር እንዳትሉ፤ ካልከፈሉ ቆራጭ ይመጣል፣ ቆራጭ ደግሞ ግቢ ይገባል።

የመስኮቷ ልጅ ቢሉን ገልብጣ አየችው። "አዴ፣ ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?"

"እኔ ብቻ ነኝ።"

"ብቻዎን አምሳ ስምንት ኪዩብ? ውሃ ይሸጣሉ እንዴ?"

"ምን ውሃ አለኝና እሸጣለሁ፣ ልጄ?"

"እንግዲህ ወይ ቧንቧው ያፈሳል፣ ወይ ሰው አለ።" ልጅቷ ክፋት አልነበራትም፤ እየጻፈች ነው የምትናገረው። "ነገ ጠዋት ቴክኒሻን ይመጣል። የቀበሌ ሰውም አብሮ ይመጣና ግቢውን ያያሉ። ኢሺ፣ አዴ?"

ሸዋጌጥ ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ስትተይብ ኖራለች። ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር እንዴት እንደሚሄድና የት እንደሚደርስ ታውቃለች። ቤቷ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ መንገድ ዳር ተቀምጣለች።

ጫንያለውን በሰርቪስ ቤቱ ደጃፍ የልጁን ጫማ ሲሰፋ አገኘችው። ቢሉን ጭኑ ላይ ጣለችለት።

"ውሃውን ምን አደረጋችሁት?"

"የምን ውሃ፣ እታለም?"

"አምሳ ስምንት ኪዩብ! አንድ ሰፈር ይጠጣዋል። ነገ ከቀበሌ መጥተው ግቢውን ሊያዩ ነው። አንተን ምን ልበላቸው? ይቺን ልጅ የት ልክተታት?"

ጫንያለው ወረቀቱን አገላብጦ አየው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ያውም ልጁ በታጠበችበት ውሃ እንደሚታጠብ ሊነግራት ይችል ነበር። አልነገራትም። የሰው ቤት የተቀመጠ ሰው ብዙ ነገር ይውጣል። እምነት ግን ሰምታለች። ማታ እራት ላይ ሸዋጌጥ ውሃ ስትቀዳላት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ መልሳ ገፋችው።

"አልጠማኝም፣ አክስቴ።"

ሸዋጌጥ ጠጪ አላለቻትም። ይህን በኋላ ደጋግማ አስታውሳዋለች።

ሲነጋ ሰርቪስ ቤቱ ባዶ ነበር። ወለሉ ተጠርጎ፣ ብርድ ልብሱ ታጥፎ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ስሜቷ እፎይታ ነበር፤ አንዋሽም። ትንፋሿ መለስ አለ፣ ትከሻዋ ቀለላት፣ ተመስገን ያለችም ይመስለኛል። ወዲያው ደግሞ በዚህ አፍራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የት ሊሄድ ነው? ወረቀት የለው፣ ከመኪና ዋጋ የተረፈ ገንዘብ የለው። ጎጃም የአጎታቸው ልጆች አሉ፤ ወደዚያ ከሆነ የሚሄደው በቡሬው መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ደግሞ ገና ከከተማ ሳይወጡ ኬላ አለ።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። ሄዳ ስትከፍት ሞተር ሳይክሉን ያቆመ፣ የመፍቻ ቦርሳ ያነገተ ጎልማሳ ቆሟል።

"አካም ቡልተኒ፣ እንደምን አደሩ፣ አዴ። ጋሩማ እባላለሁ፣ ከውሃ ነኝ። የቀበሌው ሰውዬ ስብሰባ ገብቷል፤ ብቻዬን ነው የመጣሁት።"

ወደ ሰርቪስ ቤቱ ዞር ብሎም አላየ። ቆጣሪው ጋ በርከክ ብሎ ክዳኑን ከፈተ፣ የቧንቧውን መስመር በእጁ እየዳበሰ ተከተለ፣ መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረገ። የሚያፈስ ነገር የለም። እሷ ከኋላው ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

ድንገት የግቢው ቧንቧ ሹ ማለት ጀመረ። ጠብታ የለም፤ ሹሹታ ብቻ ነው። ጋሩማ ተመልሶ ቆጣሪውን አየና በእጁ ጠራት። ጎንበስ ብላ ስታይ ትንሿ ቀይ መርፌ እንደ እንዝርት ትሾራለች።

"ፈረቃችሁ ዛሬ ነው፤ ውሃው እየመጣ ነው" አላት። "ከፊቱ የሚገፋው ባዶ ቧንቧ ውስጥ ያለውን ንፋስ ነው። ቆጣሪ ደግሞ ንፋስና ውሃ አይለይም። ይህን ማነው የከፈተው?"

"እኔ ነኝ። ሲመጣ እንድሰማ ብዬ።"

"ሁሌ ክፍት ነው?"

"ሁሌ። ቀንም ሌሊትም።"

"ሌላው ሰው ፈረቃው ካልሆነ ይዘጋዋል እኮ፣ አዴ። ይህ መስመር መጨረሻ ላይ ነው፤ የሰፈሩ ንፋስ በሙሉ በእናንተ ቆጣሪ ነው የሚወጣው። የተቆጠረባችሁ ንፋስ ነው።" ቧንቧውን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። መርፌዋ ቆመች።

ሸዋጌጥ የቆመችውን መርፌ አየች። እምነት ውሃ የመለሰችው ለንፋስ ነው። ወንድሟም የተባረረው ለንፋስ ነው፤ ሂድ ባትለውም ያባረረችው እሷ ናት። ስምንት ወር የቆለፈችው አፏ ያን ጊዜ ተከፈተ። ወንድሜ ነው አለች፣ ልጅ ይዟል አለች፣ ወረቀት የለውም፣ በቡሬው መንገድ ነው አለች፤ ለማን እንደምትናገር እንኳ ያሰበችው ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ጋሩማ እስክትጨርስ አዳመጣት። አንዴ ወደ በሩ አየ። ከዚያ ቦርሳውን አንገቱ ላይ አጠለቀና ሞተሩን አስነሳ።

"ኋላዬ ውጡ" አላት።

በስልሳ ዓመቷ ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። የማታውቀውን ሰው ወገብ ጨምድዳ ይዛ፣ አይኗን ጨፍና፣ ብቻ ክፉ እንዳይደርስባቸው ስትል ሄደች።

ኬላው ጋ እስኪሞላ ዘግይቶ የተነሳ አንድ ሚኒባስ ቆሟል። ተሳፋሪው ወርዶ ተፈትሾ ተመልሶ ገብቷል። ጫንያለው ብቻ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሏል፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። እምነት ሸሚዙን ይዛ ቆማለች። ሸዋጌጥ ስትቀርብ ጫንያለው አያት፤ አይቶም ፊቱን አዞረ። እንደማያውቃት ሊሆንላት ነው። ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው የቆረጣት።

"ወንድሜ ነው" አለች ለኬላው ጠባቂ። "ባኬ ጃማ እኔ ቤት ነው የሚኖረው። ስምንት ወሩ ነው። ያላስመዘገብኩት እኔ ነኝ።"

ጠባቂው ከእግር እስከ ራሷ አያት። "ዘመድ ለዘመድ ዋስ አይሆንም። ዘመድ ያልሆነ፣ የሚያውቀው የመንግሥት ሠራተኛ አለ? ከሌለ እዚህ አይቆይም፤ ከሰዓት በፊት የሚሄድ መኪና አለ።"

የት እንደሚሄድ አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀውም። ሸዋጌጥ ወደ ጋሩማ መዞር ፈራች። ምን ብላ ትለምነዋለች? ቤቷ ከገባ ገና ሰዓትም አልሞላው። ሚስት ይኖረዋል፣ ልጆች ይኖሩታል። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቀው እሱ ነው።

ጋሩማ ከሞተሩ ወረደ። የሥራ መታወቂያውን ከኪሱ ሲያወጣ አየችው። መታወቂያው ከጣቶቹ አምልጦ ወድቆ ነበር፣ ጎንበስ ብሎ አነሳውና አቧራውን በሱሪው ጠረገው።

"ኢሳ ናን ቤካ" አለ። አውቀዋለሁ ማለቱ ነው። "ዋስ እሆናለሁ።"

ጠባቂው መታወቂያውን ተቀብሎ ፎቶውንና ፊቱን አስተያየ። "ቆዩ፣ መዝገቡን ላምጣ" ብሎ ወደ ቆርቆሮው ቤት ገባ።

ጋሩማ በሩን በሩን እያየ ወደ ሸዋጌጥ ተጠጋ። ግንባሩ በላብ ርሷል።

"አዴ፣ ቶሎ በሉኝ" አላት በሹክሹክታ። "ስሙ ማነው?"