የሰብሊ የጦስኝ ሥር

«የካሰች ልጅ ሰብሊ ጎህ ሳይቀድ ተራራ ወጥታ፣ ከሰው ሳትነጋገር ሥር ስትምስ አየኋት» አለችኝ ጎረቤቴ እህተ ማርያም፣ በአጥሩ ቀዳዳ። እኔ ደግሞ ወሬ ካገኘሁ ወጤም ይረር።

በኛ አገር፣ ከፈረስ ቤት ከተማ በላይ፣ ጎህ ሳይቀድ ሥር የሚምስ መተተኛ ነው። ሰብሊ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እኔው ራሴ ሄድሁና «አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የምትምሺ?» አልኋት።

«ጦስኝ ነው እማማ። የሥሩ ጫፍ በማለዳ ነው የሚቆረጥ፣ ሲያድግ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ውስጡ ክሮሞዞም የሚሉት ክር መሳይ ነገር አለ፣ ዘር የሚያወርስ። የታችኛው ጦስኝ ከእናቱ አንድ እጅ፣ ከአባቱ አንድ እጅ ይዟል። ተራራው አናት ላይ ያለው ግን እጥፉን።»

«መልኩስ?»

«አንድ ነው። ሽታውም አንድ።»

«እጥፍ ወርሶ እንደ ድሃ የሚለብስ ጎረቤት እኔም አለኝ!»

ሳቀች። «ሁለቱ ሲዳቀሉ ግን ፍሬው ባዶ ይሆናል፣ አይበቅልም።»

ይችን ለእህተ ማርያም ብቻ ነገርኋት። ገበያ ሳይፈታ አገሩ ሁሉ «ሰብሊ ፍሬ የሚያመክን ሥር አወጣች» ይል ጀመር።

በዚያው ሰሞን የመንደራችን ሰው የደርበው ሕፃን ሆዱን ታሞ ሰነበተና ሞተ። በሰሌን ጠቅልለን ቀበርነው። ከቀብር መልስ እድርተኛው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀመጠ። ደርበው እንባው ገና አልደረቀም።

«ፍሬዬን ያመከነችብኝ እሷ ናት! እናቷን ከእድር ፋቁልኝ፤ እሷም አገር ትልቀቅ!»

ካሰች ዛሬ ነገ የምትባል በሽተኛ ናት። ከእድር ከወጣች ሬሳዋን የሚያነሳ የለም። ሰብሊ እዚያው ቆማ «አያ ደርበው፣ የጦስኙን ፍሬ ነው ያልሁት፣ በማርያም!» ብትል ማን ይስማት? ከኋላ አንዱ ድንጋይ አነሳ። የእድሩ ዳኛ ጉሮሮውን ጠራረገና «እንግዲህ ሕዝቡ ካለ፣ ካሰች…» ብሎ ጀመረ።

ባልንጀራዬ ገላነሽ ቃሉን ሳያስጨርሰው ተነሳች።

«አንተ ደርበው! ሰብሊ የማሰችውን ሥር በማጉያ መስታወት አየችው እንጂ ለማንም አላጠጣች። ጤና ጣቢያው ደጅህ ላይ ቆሞ፣ የሆድ መድኃኒት ብለህ ሌላ ሥር ለልጅህ ያጠጣኸው አንተ ነህ! እሱንስ የማሰልህ ማን ነው?»

ዳኛው የካሰችን ነገር ትቶ ወደ ደርበው ዞረ፤ እህተ ማርያም ግን ነጠላዋን ተከናንባ ሾለከች፤ ጎህ ሳይቀድ ተራራ ላይ ምን ትሠራ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።