ባዶ ፍላሽ

ቴዎ ከሰው ሠርግ የማይጠፋ፣ የማንም ዘመድ ያልሆነ ሰው ነው። ፎቶ አንሺ ነው። በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ከአራት መቶ በላይ ሙሽሮች ሲዳሩ አይቷል፤ በአንዱም አልበም ውስጥ ግን እሱ የለም። ሠርጉ ሲያልቅ ካሜራውን ሸክፎ ሀና ማርያም ወደተከራያት አንድ ክፍል ይገባል። "ደህና ገባህ ወይ?" ብሎ የሚደውልለት የለም።

ብቸኝነቱ ይሁን የሥራው አሰልቺነት፣ ብቻ አንድ ቀን ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ልጀምር አለ፤ አንድን ሰው ለአምስት ዓመት በየሳምንቱ እየሄዱ ማንሳት። ከዚህ በፊትም ጀማምሮ ነበር። ሊስትሮዎቹን አንድ ወር፣ የብስራተ ገብርኤል አትክልት ሻጮችን ሦስት ሳምንት። አንድ ጥሩ ፎቶ ባገኘ ማግስት እግሩ ይቀራል፤ ስልክም አያነሳም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። ይህኛውን ግን ከተወው ሌላ እንደማይጀምር ለራሱ ነገረው።

ሰውየውን ያገኛቸው በሥራው ነው። ጋሽ ላቀው ለጡረታ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ቴዎ ወደሚሠራበት ፎቶ ቤት መጡ። የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሚስታቸው ከሞቱ አሥር ዓመት አልፏል፣ ልጅ አልወለዱም። ብቻቸውን የሚኖሩት እዚያው ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው። ቴዎ ሐሳቡን ነገራቸው።

"አምስት ዓመት? እግዜርን አስፈቅደኸዋል?" አሉት። ቆየት ብለው ግን፣ "ማክሰኞ ጠዋት ና። ሌላ ቀን አይሆንም" አሉ።

ማክሰኞ ሲሄድ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ጠበቁት። ቴዎ ቅር አለው። እሱ የመጣው ክርናቸው ላይ የተቀደደውን ሹራብና ብቻቸውን የሚበሉባትን ሳህን ፍለጋ ነበር። "እውነተኛ ሕይወት" የምትል ቃል ከአንድ ሥልጠና ላይ ይዞ በየሄደበት ይዟት ይዞራል። ኮትና ከረባት እሷ ውስጥ የሉም።

ስለዚህ፣ ሙያውን ያስተማረው ነጋ ያሳየውን ዘዴ አወጣ። ሠርግ ላይ "እኛንም አንሳን" እያለ መቆሚያ የሚያሳጣ ሰው ሲበዛ፣ ፎቶ አንሺው የፍላሹን ቁልፍ ብቻ ይጫናል። ብርሃኑ ቦግ ይላል፣ ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ካሜራው ውስጥ የገባ ነገር የለም። ባዶ ፍላሽ ይሉታል። ቴዎም ጋሽ ላቀው ፊት አሥር ጊዜ ያህል ቦግ ቦግ አደረገና የእውነቱን ፎቶ ያነሳው በኋላ ኮቱን ሰቅለው ድስት ለማጠብ ሲያጎነብሱ ነው።

እንዲህ ሆኖ ከረመ። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ኮት፣ ኮት በተለበሰ ቁጥር ባዶ ፍላሽ።

ማክሰኞ ለብሎኩ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው። የመጣው ውሃ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ለመውጣት አቅም የለውም። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት እትዬ አሰገደች ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዘው ይወርዱና ከጋሽ ላቀው ቧንቧ ይቀዳሉ። ጋሽ ላቀው ኮታቸውን እንደለበሱ የቧንቧውን ጎማ ይይዙላቸዋል። ብዙም አያወሩም። ዘበኛው ጀሪካኖቹን ሲያወጣላቸው እሳቸውም ከኋላው ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ጋሽ ላቀው ኮታቸውን ያወልቃሉ። ቴዎ ይህን ሁሉ በየሳምንቱ እያየ አላየውም። ሴትየዋ ሄደው ሰውየው ብቻቸውን እስኪቀሩ ነበር የሚጠብቀው።

ኅዳር ላይ አንድ ማክሰኞ ጋሽ ላቀው ሁለተኛ ወንበር ጎተቱ።

"አሰገደች፣ ነይ እስቲ። ዛሬ አብረን እንነሳ።"

"በዚህ እርጥብ ቀሚስ? ይተዉኝ አቶ ላቀው" አሉ እትዬ አሰገደች። ግን ተቀመጡ። ነጠላቸውን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ። በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንድ ክንድ ያህል ቦታ ነበር፤ ሁለቱም እንደ ተማሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ቴዎ በልቡ "የፎቶ ቤት ፎቶ" ብሎ ናቀውና ሦስት ጊዜ ቦግ አደረገ።

"ልጄ፣ ዐይኔን ጨፈንኩ መሰለኝ" አሉት እትዬ አሰገደች።

"ኧረ አልጨፈኑም እትዬ። በጣም ነው ያማረብዎት።"

ጥር ሲገባ እትዬ አሰገደችን ልጃቸው ምሥጋና ለሕክምና ብላ ሐዋሳ ወሰደቻቸው። በየካቲት መጨረሻ ዘበኛው ማረፋቸውንና እዚያው መቀበራቸውን ለብሎኩ ሰው ተናገረ። በተከታዩ ማክሰኞ ጋሽ ላቀው እንደወትሮው ለብሰው ነበር። ቧንቧው ተከፍቶ ውሃው ቀጂ ሳይኖረው ይፈስ ነበር።

"ለቅሶ አልሄዱም ጋሼ?" አለ ቴዎ።

"ሄጄስ? ምኗ ነህ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ጎማ ያዥዋ ነኝ ልበል?" ቧንቧውን ዘጉት። "ያቺን የኅዳሯን ፎቶ አጥበህ አምጣልኝ። ሌላ አላስቸግርህም። የዐይኗ ነገር ሲያሳስባት ነበር የከረመው። በየማክሰኞው 'አመጣው ወይ?' ትለኝ ነበር።"

ቴዎ እሺ ብሎ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። አንድ ሺህ አራት መቶ ፎቶ። ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው። በአንዱ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን አለ፤ በሌላው ከበሩ የሚወጣ የነጠላ ጫፍ። የሴትየዋ ፊት የትም የለም። ጋሽ ላቀውም በኮት የሉም። በሹራብ፣ በሹራብ፣ በሹራብ። ስምንት ወር ሙሉ ብቸኛ ሰው ሲፈልግ፣ ብቸኛ ያልሆኑባትን አንዲቷን ሰዓት እየዘለለ እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። አፈረ። አልቅሶም ነበር።

ሳምንቱን ሰበብ ሲፈልግ ሰነበተ። ሜሞሪው ተበላሸ ልበላቸው አለ። ጭራሽ ብቀርስ አለ፤ መቅረቱን ያውቅበታል። ግን እሱ ከቀረ የጋሽ ላቀውን በር ማክሰኞ የሚያንኳኳ አንድ ሰው እንኳ አይኖርም። ወደ እሱም በሳምንት አንዴ ደውሎ "ትመጣለህ አይደል?" የሚል ከእሳቸው በቀር አልነበረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሄደ።

በሩ ላይ እንደቆመ ነገራቸው። ስለ ባዶ ፍላሹ፣ ስለ ቁልፉ፣ ለእትዬ አሰገደች ስለመለሰው መልስ፣ አንዱንም ሳያስቀር።  ሲጨርስ ጋሽ ላቀው ከረባታቸውን ፈቱ። ኮታቸውን አውልቀው ምስማሩ ላይ ሰቀሉና ያን የተቀደደ ሹራብ ለበሱ።

"ለካሜራህ መስሎህ ነበር የምለብሰው?" አሉት፤ ድምፃቸው አልከፋም። "አንተ ሳትመጣም ማክሰኞ ማክሰኞ እለብሰው ነበር። አሁን የምለብስለት የለኝም። በል እንደፈለግህ አንሳኝ።"

ተቀመጡ። እጃቸው የባዶውን ወንበር መደገፊያ ያዘ። የጠዋቱ ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ ግማሽ ፊታቸው ላይ አረፈ። ቴዎ ሲመኘው የኖረው ፎቶ ይኸው ፊቱ ተቀምጧል፤ ፈቃድም ተሰጥቶታል። እጁ ግን ወደ ካሜራው አልሄደም።

ወደ ውስጥ ገብቶ ኮቱን ከምስማሩ አወረደ።

"ይልበሱት ጋሼ።"

"ለምን ብዬ?"

"ዕዳ አለብኝ። ይልበሱት።"

ከኋላቸው ቆሞ ክንዳቸውን በየእጅጌው አስገባላቸው። ከረባቱን ራሳቸው አሰሩ፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሁለተኛውን ወንበር ቴዎ አልነካውም፤ ወንበሩ በነበረበት፣ አንድ ክንድ ርቆ ቀረ። ካሜራውን አነሳና ይህን ጊዜ የእውነቱን ቁልፍ ተጫነ።

ጋሽ ላቀው ሳይንቀሳቀሱ ጠየቁት። "ዐይኔን ጨፈንኩ እንዴ?"

ቴዎ ፎቶውን አየው።

"ጨፍነዋል ጋሼ" አለ። "እንደገና እናነሳለን።"